እስከ ፍርዱ ድረስ አትፈርሙ

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል። ከዚህ በታች ብዙ ሰው ላይ እናደዳለሁና፣ የራሴን ጥፋት ደብቄ የሌላውን የማወራ እንዳይመስል።

እድራችን የሚሰበሰበው ሰሜን ለንደን፣ ሆሎዌይ፣ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ሱቅ በላይ ባለች አዳራሽ ውስጥ ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አባል ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሊቀመንበራችን ደግሞ አንድም ጾም የማያልፋቸው የተዋሕዶ ሰው ነበሩ። ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ሰው ሲሞት ግን እሳቸው ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ሆነን ስልክ ስንደውል እንውላለን። ሬሳ ማስነሳት፣ የቀብር ቦታ ማዘጋጀት፣ ለቅሶ ቤት ወንበር ማድረስ የእኛ ሥራ ነው።

እድር ግን እዚህ አገር እድር ብቻ ሆኖ መኖር አይችልም። የመቃብር ቦታዎችን በጋራ ለመያዝ ስንጠይቅ የመካነ መቃብሩ ቢሮ "በማን ስም?" አለን። ሕግ የሚያውቀው አካል ያስፈልጋል ተባለ። ስለዚህ እድሩን ኩባንያ አድርገን አስመዘገብነው። ትርፍ የማያከፋፍል፣ ባለ አክሲዮን የሌለው፣ ግን ያው ኩባንያ። ሊቀመንበራችንም በወረቀት ላይ ዳይሬክተር ሆኑ። እሳቸው የሚያውቁት ዳይሬክተር የትምህርት ቤት ነው። "እንግዲህ አርፍዳችሁ ብትመጡ አንበረክካችኋለሁ" እያሉ ሲያስቁን ከረሙ።

በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ የማይቀር ንግግር ነበራቸው። ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ "እንግዲህ እኔ አርጅቻለሁ። ዓይኔም ጉልበቴም ደክሟል። ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊነቱን አስረክቤአለሁና ለወጣቶቹ ስጡት" ይላሉ። ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ "ኧረ በፍጹም! ኧረ በሚካኤል!" ብሎ ይነሳል። ጴንጤዎቹ ሚካኤሉን ትተን "በፍጹም"ን እናጠብቃለን። አንዱ ትከሻቸውን ይዞ ያስቀምጣቸዋል። እሳቸውም "እናንተ ካላችሁ እንግዲህ ምን ይደረግ" ብለው ይቀመጣሉ። አለቀ፤ ለአንድ ዓመት ተሾሙ ማለት ነው። እጅ ማውጣት የለ፣ ድምፅ መቁጠር የለ። ጨዋ ሰው ሥልጣን ላይ እንዳልተጣበቀ የሚያሳየው እንዲህ ነው፣ እኛም ማክበራችንን የምናሳየው እንዲያ ነው። አንድ ዓመት ሳይሉት ቢቀሩ ኖሮ "ወንበሩ ጣማቸው" ብለን እናማቸው ነበር።

እኔ የምሠራው ካምደን፣ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ነው። የቦርዱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። አለቃዬ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ነው፤ የተባለውንና የተወሰነውን ጻፊ፣ ጫጫታ አይጻፍም። የእድሩ ጸሐፊ ሆኜ በተመረጥኩበት ዓመት ይህንኑ ሙያዬን ይዤ መጣሁ። ኮራሁበትም። እድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ቃለ ጉባኤ ሊኖረው ነው ብዬ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊነታቸውን ማስረከባቸውን አስታወቁ፤ ኢንጂነሩ የምንለው ወጣት አባላችን እንዲተካቸው ሐሳብ አቀረቡ። በዚያ ዓመት "ለወጣቶቹ ስጡት" ሲሉ ለምሳሌ ያህል የጠቆሙት የኢንጂነሩን ባዶ ወንበር ነበርና። "ኧረ በፍጹም"ን አልጻፍኩትም። ማንም እጁን አላወጣም፣ ውሳኔ የለም፣ ጫጫታ ነው።

ኢንጂነሩ በዚያች ሰዓት አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። መኪናውን ያቆመበት ቦታ ሰዓቱ አልፎበት ሊያዛውራት ወርዷል። በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ለንደን፣ ሃክኒ ያደገ፣ የባቡር ምልክት የሚጠግን፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፣ ይሉኝታችንን ግን አያውቀውም። ቃለ ጉባኤውን በኢሜይል ላክሁለት፤ አነበበው፤ አመነው። ሰውዬው ለቀዋል፣ እኔ ተተክቻለሁ፣ ስለዚህ ግዴታዬን ልወጣ ብሎ ለኩባንያ መዝጋቢው የዳይሬክተር ለውጥ አስገባ።

ሊቀመንበራችን ይህን ያወቁት ከመዝጋቢው በመጣ ደብዳቤ ነው። ስልክ ደወሉልኝ። "አንቺ ልጅ፣ በቁሜ ቀበራችሁኝ እንዴ?" አሉኝ። አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያሳፍር ነው። ግማሹ አባል ኢንጂነሩን ወንበር ነጣቂ አለው፣ ግማሹ ቃለ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው አለ። የሊቀመንበሩ ወገኖች የራሳቸውን ስም ዝርዝር ለመዝጋቢው ላኩ። መዝጋቢው ሁለት ዝርዝር ይዞ እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ፍርድ ቤት ሂዱ አለ። ሦስት ሽማግሌዎች ተሰይመው ነበር። ኢንጂነሩ ሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ "ሚኒቱ ስህተት ነው በሉኝና አሁኑኑ ሪዛይን አደርጋለሁ" አለ፤ ሚኒት የሚለው ቃለ ጉባኤውን ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ምን ቆርጦኝ ተሳስቻለሁ ልበል፤ "የጻፍኩት የተባለውን ነው፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም" አልኩ። እውነት ነው፣ አልጨመርኩም። ያን ቀን ስህተት ነው ብል ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ሻይ ላይ ያልቅ ነበር።

ፍርድ ቤት ደረስን። የኩባንያ ጉዳዮች የሚታዩበት ችሎት መሀል ከተማ፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንጻ ውስጥ ነው። ዳኛው ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ወገኖች ቃል አስገቡ፤ እስከ ፍርዱ ድረስ ማናችሁም በኩባንያው ስም ምንም ነገር አትፈርሙ። ሁለቱም እሺ አሉ። ሊቀመንበራችን አስተርጓሚው ሳይጨርስ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። እኔም መሰከርኩ። ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ "ሰዎቹ አይሆንም ብለው ሲጮኹ ለምን አልመዘገቡትም?" ብለው ጠየቁኝ። "ድምፅ ስላልተሰጠበት" አልኩ። ጻፉት። ቁጡ ሰው አይደሉም፣ ሁላችንንም በትሕትና አመስግነው፣ ፍርዱን በጽሑፍ እንደሚሰጡና ብዙ እንደማያስጠብቁን ተናገሩ። ወቅቱ የዚህ አገር ጸደይ፣ መጋቢት ነበር፤ ከሕንጻው ስንወጣ ኮታችንን በእጃችን ይዘን ነበር።

አሁን ስለ መቃብሩ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። የሊቀመንበራችን ባለቤት ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል። የተቀበሩት እድራችን ረድፍ በያዘበት መካነ መቃብር ነው። በደንባችን ከሟች አጠገብ ያለው ቦታ ለባል ወይም ለሚስት ብቻ ይጠበቃል፤ በስም የሚዛወረው ግን ሊቀመንበሩ የመካነ መቃብሩን ቅጽ ሲፈርም ነው። እሳቸው ለስንቱ ባልና ሚስት ፈርመዋል! ለራሳቸው ግን አልፈረሙም። ሊቀመንበሩ ለራሱ አስቀድሞ ፈረመ እንዳይባሉ ብለው ዛሬ ነገ ሲሉ ቃል ገቡና እጃቸው ታሰረ።

ይህንን የነገሩኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ካምደን ካለው ሆስፒታል ሲመለሱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ተገጣጠምን። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልታሰረም። ልባቸው እየደከመ መሆኑን ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል። "እኔ ወንበሩን አልፈልገውም" አሉኝ። "ኢንጂነሩ ይውሰደው፣ ይመርበት። እኔ የምፈልገው እሷ አጠገብ መተኛት ነው። አርባ አንድ ዓመት ግራዋን ይዤ ተኝቻለሁ።" ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። እኔ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

ሦስት ወር አለፈ። ከአውቶቡሱ ቀን ወዲህ እኔም በሊቀመንበሩ ወገን ቆሜ ነበር፤ ጠበቃችን ቀጭን፣ ሥራዋን የምታውቅ ወጣት እንግሊዛዊት ናት። ደወልኩላትና ልክ እንደ ትምህርት ቤት ደንብ አብራራችልኝ። ዳኛ ፍርዱን በሦስት ወር ውስጥ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ካልሰጠ የችሎቱን የበላይ ዳኛ ቢሮ መጠየቅ ይቻላል። ይግባኝ ሰሚዎቹም ፍርድ አዘግይተው የተገኙ ዳኞችን በጽሑፍ ወቅሰው ያውቃሉ።

"ታዲያ ጻፊ እንጂ!" አልኳት።

"መጻፍ ይቻላል" አለች። "ግን የሚጻፍበት ዳኛ ፍርዳችንን የሚጽፈው ራሱ ዳኛ ነው። ብዙ ጠበቆች ይህን ያስባሉ።"

ይኸውላችሁ ቁጥጥሩ። አቤት የምትልበት ሰው እጅ ውስጥ አንገትህን አስገብተህ አቤት በል። ደሜ ፈላ። ለሊቀመንበራችን ስነግራቸው ደግሞ ጭራሽ እሳቸው ከጠበቃዋ ጋር ሆኑ።

"ዳኛ ላለቃው አይከሰስም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ክስ አይደለም እኮ፣ አቤቱታ ነው። ኮምፕሌይን ማድረግ መብትዎ ነው።"

"መብት መሆኑን አላጣሁትም። የተቻኮለ ዳኛ ግን በችኮላው ይፈርዳል። ዳኛ ደጅ ይጠናል። አባቴ ለርስት ክርክር ደጅ ሲጠኑ እኔ አብሬያቸው ቆሜ አድጌአለሁ። ሰውዬው ሲገባም ሲወጣም ያይሃል። ሲያይህ ያስታውስሃል።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየሮቡ ይሄዱ ኖሯል። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ከሆሎዌይ በአውቶቡስ መሀል ከተማ ይወርዳሉ። መፈተሻው ላይ ቀበቷቸውን ፈትተው ሳጥን ውስጥ ያስገባሉ፣ በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው ያልፋሉ፣ ከዚያ ምድር ቤቱ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከጠዋት እስከ ምሳ ይቀመጣሉ። ማንንም አያናግሩም። የጥበቃ ሠራተኞቹ ለምደዋቸው ወንበሩን ይጠብቁላቸው ነበር።

አንድ ረቡዕ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። እንዳፈርኩ አልደብቅም። ሰዎች ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ፣ አንድም ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እሳቸው ግን መነጽር ያደረገ ሰው ባለፈ ቁጥር ከወገባቸው ብድግ እያሉ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ደጋግመው ተነስተው ደጋግመው ተቀመጡ። አላስቻለኝም። አንዱን ጠና ያለ የጥበቃ ሠራተኛ ሄጄ ጠየቅሁት፤ ዳኞቹ የሚመጡት በስንት ሰዓት ነው? ሰውዬው ደግ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዳኞች በዚህ በር አይገቡም፤ የራሳቸው በርና የራሳቸው ሊፍት አላቸው አለኝ። እሱም እንደ እኔው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበርና፣ "አባትሽ ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። "አዎ" አልኩ።

ተመልሼ ነገርኳቸው። እሳቸውም "ግድ የለም። መምጣቴን የሚነግራቸው አይጠፋም" አሉና እንደገና ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። በሚቀጥለውም ሮብ ሄዱ።

በማግስቱ ጠበቃዋንም ሊቀመንበሩንም ሳላማክር ለበላይ ዳኛው ቢሮ ራሴ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ነው። ልክ በትምህርት ቤት ወላጆች እንደሚጽፉልኝ በትሕትና ጀምሬ፣ እንደ እነሱ ሳልጨርስ ተቆጣሁ። መልስ መጣልኝ። ደብዳቤዬ ለዳኛው መተላለፉን፣ ዳኛው ሥራ እንደበዛባቸው፣ ፍርዱ እስከ ችሎቱ የሥራ ዘመን መዝጊያ ድረስ ይደርሳል ተብሎ እንደሚጠበቅ ይገልጻል። ደስ ብሎኝ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ያለ ፈቃዳቸው መጻፌን ስናዘዝ ገሠጹኝ፤ ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

የችሎቱ ዘመን ተዘጋ። ፍርዱ አልመጣም። ዳኞች ዕረፍት ወጡ።

እኔ አንድ ሕፃን ከክፍል መቅረቱን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልመዘገብኩ እጠየቃለሁ። የመኪና ማቆሚያ ሰዓት በአምስት ደቂቃ ብታሳልፍ ቅጣቱ በሳምንቱ ደጃፍህ ይደርሳል። አውቶቡስ ሹፌር ከተመደበለት ደቂቃ ቢዘገይ በሬዲዮ ይጠራል። እዚህ ከተማ ውስጥ ሰዓት የማይቆጠርበት ሰው አንድ ብቻ አገኘሁ፣ እሱም የሌላውን ሁሉ ሰዓት የሚቆጥረው ዳኛ ነው። እኛ መልሳችንን አንድ ቀን ብናዘገይ ኖሮ መዝገባችን ሊሰረዝ እንደሚችል ተነግሮናል! ይህን ለጠበቃዋ በስልክ ስጮህባት እስክጨርስ ሰማችኝና "ልክ ነሽ" አለችኝ። ልክ መሆኔ ምን ያደርግልኛል።

ይግባኝ እንበል አልኳት። ይግባኝ የሚባለው በፍርድ ላይ ነው፣ ፍርድ ደግሞ የለም አለች። እሺ፣ ፍርዱ ሲመጣ በመዘግየቱ ይግባኝ እንላለን? መዘግየቱ ብቻውን ፍርዱን አያፈርሰውም፤ የበላይ ፍርድ ቤቶቹ ዳኛውን ይወቅሱና ፍርዱን ብዙውን ጊዜ ያጸኑታል አለች። እንግዲህ ቢዘገይም ይጸናል፣ እስኪመጣም ይግባኝ የለም። ስልኩን ዘጋሁባት፤ በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለምና።

በመጨረሻ ቀላል የሆነውን ነገር ሞከርን። ፍርዱ ይቆይ፤ አንዲት ፊርማ ብቻ ይፈቀድ። ኢንጂነሩን ሥራ ቦታው ድረስ ሄጄ ለመንኩት፣ ብርቱካንማ ሰደርያውን እንደለበሰ ወጣ። መቃብር መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

"እኔ እኮ ይሄን አላውቅም ነበር" አለኝ። "ኦፍ ኮርስ ኮንሰንት አደርጋለሁ፣ እስማማለሁ! አሁን የት ጋ ነው ሳይን የማደርገው? ለምን አልነገራችሁኝም?"

ለምን አልነገርነውም? ጠበቆቹ እርስ በርስ እንዳንነጋገር ስላስጠነቀቁን ነው። ሁለቱም ወገን ተስማምተው፣ ሐኪሙ የጻፈውም ወረቀት ተያይዞ፣ ሊቀመንበሩ ያችን አንዲት ቅጽ እንዲፈርሙ ይፈቀድላቸው ተብሎ ለዳኛው ተላከ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከዳኛው ጸሐፊ አጭር ኢሜይል መጣ። ዳኛው ጥያቄውን ተመልክተውታል፤ ከፍርዱ ጋር አንድ ላይ ይወስኑበታል። ኢሜይሉን በሥራ ሰዓት ከፈትኩት። አንዲት እናት የልጇን ጃኬት ልትጠይቅ መስኮቴ ላይ ቆማለች፤ እንባዬን አይታ "ኋላ እመለሳለሁ" ብላኝ ሄደች።

ሊቀመንበራችን በጥቅምት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አረፉ። ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሮቡ ልብሳቸው ተተኩሶ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ልጃቸው ናት የነገረችኝ። አባትና እናቷን ስታስታምም የኖረች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ጠበቃዋ ያለ ቀጠሮ ለአስቸኳይ ጉዳይ ወደሚሰየመው ዳኛ ሮጠች። ዳኛው አዘኑ፣ በእርግጥም አዘኑ አለችኝ። ግን ቃሉ የተገባው ለሌላው ዳኛ ነው፣ ጉዳዩም በእሳቸው እጅ ነው ብለው መለሱት። መልእክት ተላከ። የኛው ዳኛ ሌላ ከተማ ችሎት ላይ ናቸው ተባለ። ሌላ መልእክት ተላከ።

እኛ ሬሳ አናሳድርም። በሞተ በማግሥቱ ነው የምንቀብረው፤ እዚህ አገር በወረቀት ብዛት ሳምንት መጠበቅን ለምደናል እንጂ አልወደድነውም። ሊቀመንበራችን አሥራ ሦስት ቀን ቆዩ። እኔ፣ ለስንቱ አባል ቦታ ያዘጋጀሁት ሰው፣ ልጃቸው ቤት ወንበር ይዤ ተቀምጬ ለቀስተኛ እቀበላለሁ። "ቀብሩ መቼ ነው?" ይሉኛል። "ከፍርድ ቤት እየጠበቅን ነው" እላለሁ። ሰዉ ያፈጥጥብኛል፤ የተገደሉ ይመስል።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ልጃቸው ጠራችኝ። ጮክ ብላ ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

"እትዬ፣ አባቴ ፍሪጅ ውስጥ እስከ መቼ ነው የሚቀመጠው? ይበቃል። ሌላ ቦታ ይቀበር።"

ሌላ ቦታ ተቀበሩ። ምሥራቅ ለንደን፣ ማንንም የማናውቅበት መካነ መቃብር፣ ከባለቤታቸው አንድ ባቡርና ሁለት አውቶቡስ የሚያስኬድ ቦታ። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ኢንጂነሩ ከሳጥኑ ራስጌ ቆሞ ነበር። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። አፈር ሲለብስ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ደግፈው አነሱት። ቀድሞ ወንበር ነጣቂ ሲሉት የነበሩት ናቸው የደገፉት።

ፍርዱ ባረፉ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። በኢሜይል ነው የተላከልኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት። የተናደድኩበትን ያህል ሰነፍ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። ድንቅ ጽሑፍ ነው። ሰውዬው ገብቷቸዋል! "ኧረ በፍጹም" ምን ማለት እንደሆነ፣ ባርኔጣው ለምን እንደሚወልቅ፣ ትከሻቸውን ይዞ የሚያስቀምጣቸው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ሁሉ በዝርዝር አስቀምጠውታል። ስለ እኔም ጽፈዋል፤ ጸሐፊዋ ሐቀኛ ናት፣ የጻፈችው ሁሉ ተብሏል፣ የተባለውን ሁሉ ግን አልጻፈችም። ስለዚህ ሊቀመንበሩ አንድም ቀን አልለቀቁም፣ የኩባንያው ሕጋዊ ዳይሬክተር እሳቸው ናቸው። የገባነው ቃል ከዚህ ቀን ጀምሮ ቀርቷል፤ የአንዲቷ ፊርማ ጥያቄም በዚሁ መልስ ስላገኘች ለብቻዋ መወሰን አያስፈልጋትም። መጨረሻው ላይ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፤ ፍርዱ ከተጠበቀው በላይ በመቆየቱ ዳኛው ያዝናሉ።

በፍርዱ ውስጥ ሊቀመንበራችን በሕይወት አሉ። መሞታቸውን ለዳኛው የነገርነው በኢሜይል ነው፤ አንብበውት ይሁን አይሁን አላውቅም። ለልጃቸው በአማርኛ ተረጎምኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ "ይቅርታው የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። አሳየኋት። "ይቺ ናት?" አለች።

ለበላይ ዳኛው እንደገና ጻፍኩ። በዚህኛው ትሕትና አልነበረም። መልሱ በፍጥነት መጣ፣ በአሥር ቀን። ፍርዱ ስለተሰጠ ጉዳዩ እልባት አግኝቷል፤ ከዳኛው ጋርም ተነጋግረዋል፤ ተጨማሪ እርምጃ አያስፈልግም። ምን ተነጋገሩ? አይነገርም። ዳኛው ዛሬም በዚያው በራሳቸው በር ይገባሉ፣ በራሳቸው ሊፍት ይወጣሉ። ልባርካቸው እንደሚገባኝ ቤተ ክርስቲያኔ ያስተምረኛል። እስካሁን አልቻልኩም፣ ለመጋቢውም ነግሬዋለሁ።

ኢንጂነሩ ቀርቦ ሊቀመንበር ሁን ቢባል በእግዜር ብሎ እንቢ አለ፤ እውነተኛ እንቢ ነበር፣ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ጻፍኩት። ሌላ ሰው ተመረጠ፣ በእጅ ማውጣት። ማንም "ኧረ በፍጹም" አላለም፣ ማለት ፈርተናል።

የእድሩ ፖስታ ወደ እኔ ቤት ነው የሚመጣው። የገና በዓል ሊገባ ሲል ከመካነ መቃብሩ ቢሮ ፖስታ መጣ፤ ላዩ ላይ የሊቀመንበራችን ስም አለ። የፍርዱ ግልባጭ ደርሷቸዋል። የመፈረም ሥልጣን ጉዳይ ስለጠራ ደስ ብሏቸዋል። ከባለቤትዎ አጠገብ ያለው ቦታ እስካሁን ስለተጠበቀልዎ፣ የተያያዘውን ቅጽ ፈርመው ይመልሱልን ይላል። ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ የጻፈችው ሴት ጥፋት የለባትም። በቅጹ መጨረሻ፣ እንዳይሳሳቱ ብላ፣ የሚፈርሙበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጋላቸዋለች።